ኮቡርግ፦ በአርማው ላይ ያለው ጥቁር ቅዱስ

ከጀርመኗ ኑረንበርግ በባቡር ወደ ኮቡርግ ከተማ የሄድኩት ተራራው ላይ ያለውን ትልቁን ምሽግ ለማየት ነበር። መጀመሪያ ያስቆመኝ ግን እግሬ ሥር ያለ ነገር ነው። የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን። ብረቱ ላይ የጥቁር ሰው ራስ ተቀርጿል፤ ፊቱ ወደ ጎን የዞረ፣ ጠጉሩ ጥቅልል፣ ጆሮው ላይ ቀለበት ያለው። ክው አልኩ። ሰው ረግጦት ያልፋል እኮ! ስድብ መሰለኝ።

የቅዱስ ሞሪትስ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያገኘኋቸውን አንዲት አሮጊት ጠየቅኳቸው። «እሱማ ሞሪትስ ነው፣ የኛ ቅዱስ» አሉኝ።

በትውፊቱ ሞሪትስ ከግብፅ፣ ከቴብስ የመጣ የሮም ጦር አዛዥ ነበር። በ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ለጣዖት አልሠዋም፣ ክርስቲያን ወንድሞቼንም አልገድልም በማለቱ፣ ዛሬ ስዊዘርላንድ በሚባለው አገር ከነወታደሮቹ ተሰየፈ። ኮቡርግም ጠባቂዬ ብላ አርማዋ ላይ አኖረችው፤ ጥቁር ራስ፣ ወርቃማ መደብ ላይ። ማዘጋጃ ቤቱ አናት ላይም በትር ይዞ ቆሟል። የከተማዋ ቋሊማ የሚለካው በዚያ በትር ነው ይላሉ፣ 31 ሴንቲ ሜትር። አደባባዩ ላይ በጥድ ፍሬ ፍም ሲጠብሱት ሽታው ከሩቅ ይጣራል።

ከሁሉም አንጀቴን የበላው ግን የ1930ዎቹ ታሪክ ነው። ኮቡርግ እ.ኤ.አ. በ1929 ናዚዎች የምክር ቤቱን አብላጫ ወንበር የያዙባት የመጀመሪያዋ የጀርመን ከተማ ናት። በ1934 ቅዱሱን ከአርማው አነሱት። ጥቁር ሰው የከተማችን ጠባቂ ሊሆን አይችልም ማለታቸው ነው እንግዲህ። በምትኩ እጀታው ላይ ስዋስቲካ፣ የናዚዎች የመስቀል ምልክት፣ ያለበት ሰይፍ አስገቡ። በ1945 ሲሸነፉ ሞሪትስ ቦታው ተመለሰ።

በ2020 ደግሞ ምስሉ ጥቁሮችን ያዋርዳል፣ ይነሳ ብለው ፊርማ ያሰባሰቡ ሰዎች ነበሩ። ይገባኛል፣ እኔም መጀመሪያ ያመመኝ እሱ ነው። ግን ናዚ ያባረረውን ቅዱስ እኛ ደግመን ልናባርረው? ለእኔ መስተካከል ያለበት ሥዕሉ ነው። ማግደቡርግ ካቴድራል ውስጥ በ13ኛው መቶ ዘመን የተሠራ የሞሪትስ ሐውልት አለ፤ የብረት ጥሩር የለበሰ ጥቁር ወታደር፣ ፊቱ የእውነተኛ ሰው ፊት። ያኔ እንዲያ አክብረው መቅረጽ ከቻሉ ዛሬ ምን ይከለክላል?

ማምሻውን ወደ ባቡር ጣቢያ ስመለስ ያንን ክዳን እንደገና አገኘሁት። ዝናብ ጥሎበት ያብረቀርቃል። ዞር ብዬ አለፍኩ፣ አልረገጥኩትም።