አህያዋ ላይ ማን ፈረደ?

ስቶክሆልም መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነው የምሠራው። ክረምት ደሴ ስገባ ሰው መጀመሪያ ስለ ደመወዝ ይጠይቀኛል። ቀጥሎ "እዚያ ልጅ አይመታም አሉ፣ እውነት ነው?" ይመጣል። እውነት ነው። ስዊድን ልጅ መምታትን በሕግ የከለከለችው እንደ ፈረንጆቹ በ1979 ነው፤ ከዓለም የመጀመሪያዋ። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት የአገሪቱ ሕግ ሆኗል። አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን ይናገር፣ ይሰማም ይላል። ኢትዮጵያም እንደ ፈረንጆቹ በ1991 አጽድቃዋለች።

ሥራ ላይ እንዲህ ነው፦ ልጆች ኳስ ሲነጣጠቁ እኛ አንፈርድም። "ምን ተፈጠረ? እሱስ ምን የተሰማው ይመስልሃል? ምን ብናደርግ ይሻላል?" እንላለን። አንዳንዴ ያሰለቻል። በበረዶ ቀን "ጫማ ለምን አደርጋለሁ?" ብሎ የሚከራከር ልጅ አይጣል ነው!

በቀደም የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ ዝናቡ የወንድሜን ልጆች ቤት አስቀርቷቸው ነበር። እማዬ ቡና እያፈላች የአህያዋን ተረት ጀመረችላቸው። ድርቅ ገባ። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው "ከመሃላችን ኃጢአት የሠራ አለ፤ እንናዘዝ" ተባባሉ። አንበሳ በሬ፣ ነብር ፍየል፣ ጅብ ዶሮ መብላታቸውን ተናዘዙ። "ይሄማ ምን ኃጢአት አለው!" ተባለ። አህያ ጌታዋ ቆሞ ሲያወራ ከመንገድ ዳር ሣር ነጨት አድርጋ ነበር። "ድርቁን ያመጣሽው አንቺ ነሻ!" ብለው በሏት።

በእኛ ጊዜ "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ተብሎ እዚህ ላይ ያበቃል። እኔ ግን የሥራ ልማዴ አልለቀቀኝም። "አህያዋ ጥፋተኛ ናት?" አልኳቸው።

"አዎ፣ ሣሩ የሰው ነዋ" አለ ትልቁ።

"ፍየሉስ የሰው አይደል?" አለች ታናሹ።

ትንሽ አሰበና "ማን ነው ዳኛ ያደረጋቸው?" አለ። እማዬ "ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ይሏታል ጅግራ" ብላ መለሰችለት። ልጅቱ ግን አልበቃትም። "ሣር መብላትና ዝናብ ምን አገናኛቸው?"

እኔ የወደድኩት ይህኛውን ነው። በ1965 እና 66 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ የጠፋው ዝናብ ብቻ አልነበረም፤ መንግሥትም ረሃቡን ደብቆ ቆይቷል። ይህን ለሕፃን አልዘረዝርም። የዝናቡን ጉዳይ ከፈራጆቹ ጉዳይ ለይታ ከጠየቀች፣ የቀረውን ስታድግ ትደርስበታለች። ለዚህ ደግሞ ከስዊድን መጽሐፍ መሸከም አላስፈለገኝም፤ ተረቱ እዚሁ ነበር። የጎደለው ከተረቱ በኋላ ልጆቹን ማስወራት ነው።

እማዬ ግን አልተዋጠላትም። "ነገ እኔንም 'ማን ዳኛ አደረገሽ' ይሉኛላ!" እያለች ድፎውን ቆረሰችና ትልቁን ቁራሽ ለወንድሜ አቀበለችው። ሁለቱም ልጆች አፈጠጡበት።

"ኧረ እኔ ሣርም አልነጨሁ!" አለ።