ፈትል የለመደ እጅ

ልብስ የምመርጠው በእጄ ነው። እዚህ ስቶክሆልም ሱቅ ስገባ ዋጋውን ከማየቴ በፊት ጨርቁን በጣቶቼ መሃል አሸት አደርገዋለሁ። የሚያንሸራትት ከሆነ ትቼው አልፋለሁ። ሻከር ያለ፣ ክሩ አንዴ ወፈር አንዴ ቀጠን የሚል ጥጥ ወይም ሊነን ካገኘሁ ግን መልሼ መስቀል ያቅተኛል።

ይህን ያስለመደኝ ቢቸና ያለው የእናቴ ቤት ነው። እናቴ ጥጡን ዳምጣ ፍሬውን ታወጣለች፤ በደጋን ነድፋ ባዘቶ ታደርገዋለች። ከዚያ እንዝርቷን ይዛ ትቀመጣለች። ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ እንዝርቱ አይቆምም። ማጉ የእሷ ፈትል ነው፣ ድሩ ከገበያ የሚገዛ ክር። ልቃቂቱን ለሸማኔው ስትሰጥ፣ «አያ፣ ጥለቱን ቀጠን አድርግልኝ፤ ሁለት ቀለም ይበቃዋል» ትል ነበር። የኔም ምርጫ እስከ ዛሬ ከዚህ አልወጣም። ቀጭን ጥለት፣ ሁለት ቀለም።

ቤታችን የፋብሪካ ጨርቅም ነበር። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተቋቋመ ነው። የሱን ነጭ አንሶላ እወደዋለሁ፤ በታጠበ ቁጥር ይለሰልሳል።

እዚህ ሠርግና በዓል ሲደርስ ሁሉም ሽፎን ነው። ጥለቱ አልተሸመነም፣ ጨርቁ ላይ የታተመ ነው። ቀላል ነው፣ በማሽን ይታጠባል፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ የሚለብሱትን አልወቅስም። እኔን የሚያሳዝነኝ ያ ጥለት የማንም እጅ ያልነካው መሆኑ ነው። ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲያመላልስ የሚውለው ሰው እንጀራው በዚህ ይጎዳል።

ጥለት ጌጥ ብቻ እንዳልሆነ በደንብ የገባኝ በስደት ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ አጎቴ ማረፉን በስልክ ነገሩኝ። በማግስቱ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ጥለቱን ወደ አንገቴ አድርጌ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ቅዳሴው እንዳለቀ አንዲት በሰላምታ ብቻ የምንተዋወቅ እናት መጥተው እጄን ያዙኝ። «ማንሽ ነው ልጄ?» አሉኝ። ሌሎቹም ተከተሉ። ማምሻውን ቤቴ ሰው ሞላ፤ ምግብ የያዘ አለ፣ ቡና የሚያፈላ አለ። ለቅሶዬን በወግ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ጥቁር ሹራብ ለብሼ ብሄድ ኖሮ ማን ያውቅልኝ ነበር? በስዊድን ክረምት ሁሉም ሰው ጥቁር ለባሽ ነው።

ባለፈው አገር ቤት ስገባ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ገበያ ሌላ ፍቅሬ ጠበቀኝ፤ የጎጃም ገበሬ ቁምጣ የሚሰፋበት አረንጓዴ ጨርቅ። ጠንካራ ነው፣ ፀሐይ ሲመታው ደብዘዝ ይላል፣ ሲደበዝዝ ደግሞ የበለጠ ያምራል። በሜትር አስለክቼ ገዛሁና ቀሚስ እንዲሰፋልኝ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰድኩት። ሰውየው ጨርቁን አገላብጦ አየና፣ «እታለም፣ ይኼ እኮ የወንድ ነው» አለኝ። አክስቴም፣ «ምነው አንቺ ልጅ፣ ከውጭ መጥተሽ የእርሻ ልብስ?» አለችኝ። አሰፋሁት። ጫፉ ላይ ቁምጣ ላይ እንደሚደረገው የክር ጥልፍ አስደረግሁበት። አሁን ሥራ የምሄደው እሱን ለብሼ ነው።

ለልጄ ደግሞ ጋቢ አዝዣለሁ። አራት እጥፍ፣ ሙሉ ፈትል፣ ጥለቱ አረንጓዴና ቢጫ። ማጉን እናቴ ጨርሳለች። ሸማኔው የያዘው ሥራ ስላለ ከፋሲካ በኋላ ይጀምርልኛል፤ የሚያመጣልኝ መንገደኛም ከወዲሁ እያፈላለግሁ ነው።