በኋላ እንገጥማታለን ያልኳት ላሜራ

ሰውዬው ጋራዣችን የመጣው በኅዳር መጀመሪያ ነው። ደብረ ማርቆስ የሚኖር የእህል ነጋዴ ነው። ቤተሰቦቹ ግን ከቢቸና ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ያርሳሉ። መኪናው ላንድክሩዘር 80 ናት፤ 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር ተርቦ ናፍጣ፣ ዋን ኤች ዲ ቲ የሚባለው ሞተር ያላት። ብዙ የሠራች፣ ግን በደንብ የተያዘች መኪና።

«አባይ በረሃ ላይ ትንፋሽ ያጥራታል» አለኝ። «ከድልድዩ ተነስቼ ደጀን እስክደርስ አብዛኛውን በ2ኛ ማርሽ ነው የምወጣው። ጥቁር ጭስ ትለቃለች። ማርሚታውን በሰፊ ቀይርልኝ።»

ጥያቄው ልክ ነበር። ይህን የምለው እንዲህ ብሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ ልክ ስላልሆነ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የምናያቸው አብዛኞቹ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘሮች ሞተራቸው ዋን ኤች ዜድ ነው። ያ ሞተር ከፋብሪካው ተርቦ የለውም። የሱን ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን፣ ብታሰፋለት ድምፁ ይጨምራል እንጂ ጉልበቱ ብዙም አይለወጥም። ገንዘባችሁን አታውጡ ብዬ የመለስኳቸው አሉ።

ባለ ተርቦ ግን ሌላ ነው። ተርቦ ወደ ሞተሩ አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ ነው፤ የሚያሽከረክረውም ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ነው። ጭሱ በአንድ በኩል ታምቆ ይገባል፣ በሌላው በኩል ለቅቆ ይወጣል፤ መዘውሩን የሚያዞረው በሁለቱ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ነው። ከኋላው ያለው ቱቦ ከጠበበ ጭሱ መውጫ ያጣል፣ ልዩነቱ ይቀንሳል፣ ተርቦው ይሰንፋል። ተርቦው ሲሰንፍ አየሩ ያንሳል፣ ናፍጣው ግን መግባቱን አይተውም። ጥቁሩ ጭስ ያ ነው። የሞተሩ ሙቀትም የሚያይለው ያኔ ነው። በዚያ ላይ እኛ ያለነው ደብረ ማርቆስ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው።

«ማርሚታ ትንሽ ካላፈነ ሞተር ጉልበት ያጣል» የሚሉ አሉ፤ ከማከብራቸው አንጋፋ መካኒኮችም ሰምቼዋለሁ። ለተርቦ ናፍጣ ይህ አይሠራም። ከተርቦው በኋላ ያለው መንገድ በተከፈተ ቁጥር ይሻለዋል።

ቢሆንም ዝም ብዬ ወደ መቁረጥ አልገባሁም። የአየር ፊልትሮውን አየሁ፣ ከተርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ጎማዎች ለስንጥቅ ፈተሽኩ። ደህና ናቸው። የድሮውን ማርሚታ ስናወርደው ግን ውስጡ ተሰባብሮ መንገዱን ዘግቶታል። ስንነቀንቀው እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ይንኳኳል። ቱቦው ራሱ ሲለካ 2 ኢንች ተኩል አይሞላም።

ከተርቦው መውጫ እስከ ጅራቱ 3 ኢንች እንዲሆን ተስማማን። ቱቦ ማጠፊያ ማሽን የለንም። የምናጥፈው በአሸዋ ነው። ቱቦውን በደረቅ አሸዋ ጠቅጥቀን እንሞላና ሁለቱን አፍ ደፍነን፣ መታጠፊያውን በእሳት አግለን ቀስ እያልን እንጠመዝዘዋለን። አሸዋው ከውስጥ ስለሚይዘው አይጨፈለቅም። አሸዋው ግን መጀመሪያ ተቆልቶ መድረቅ አለበት። እርጥበት ካለው ውስጥ ለውስጥ እንፋሎት ይሆንና መድፈኛውን እንደ ጥይት ያስወነጭፈዋል። ይህን ሥራ ለልጅ ብቻውን አልሰጥም። ደግሞም በ3 ኢንች ቱቦ ላይ አንድ የተጨፈለቀ መታጠፊያ ካለ ሰውዬው በከንቱ ነው የከፈለው፤ ጭሱ የሚያውቀው የጠበበውን ቦታ ነው።

የውሃ ቧንቧ፣ ያንን ጋልቫናይዝድ የሆነውን፣ ለማርሚታ አልጠቀምም። ርካሽ ነው ብለው የሚያመጡልኝ አሉ። ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ሌሊቱን በብርድና በትኩሳት ያንዘፈዝፋል። በልጅነቴ ደርሶብኝ ወባ መስሎኝ ነበር።

ከተርቦው ዝቅ ብሎ ፍሌክሰብል የምንለው ተጣጣፊ ቱቦ ገባለት። ሞተሩ የተቀመጠው በጎማ ትራስ ላይ ስለሆነ ማርሽ በቀየርክ ቁጥር ይወዛወዛል፣ ቻሲው ግን ባለበት ነው። ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ አድርገህ ብትበይደው ወይ ብየዳው ይሰነጠቃል፣ ወይ የቱቦው ክብደት በሙሉ ተርቦው ላይ ይንጠለጠላል። እዚህ ድረስ የሠራሁት ሥራ ዛሬም አያሳፍረኝም።

ችግሩ የመጣው መሃል ላይ ነው። የፋብሪካው ቱቦ በሚያልፍበት፣ ከመኪናዋ ወለል በታች፣ ሙቀት የምትከላከል ቀጭን ላሜራ አለች። አዲሱ ቱቦ ወፍራም ስለሆነ ከሷ ጋር ተጋጨ። ሞተሩ ሲነሳ ይንኳኳል። ፈታኋት። ቱቦውንም ትንሽ ዝቅ አድርጌ፣ ያገኘሁትን አንግል ብረት፣ ማለትም እንደ ኤል ፊደል የታጠፈ ብረት፣ ቆርጬ መያዣ ሠራሁለት። አንግሉ አፉን ወደ ላይ ከፍቶ ነው የተበየደው። ጠንካራ ነበር፣ ሌላ አላሰብኩም።

ረዳቴ ላሜራዋን በእጁ ይዞ «ጋሼ፣ ይቺንስ ምን ላድርጋት?» አለኝ።

አርብ ማታ ነው። ሰውዬው ቅዳሜ ጠዋት አዲስ አበባ ይሄዳል። «መደርደሪያው ላይ አስቀምጣት፣ በኋላ አስተካክለን እንገጥማታለን» አልኩት። ልጁ ትንሽ ቆም አለ። የሆነ ነገር ሊል ፈልጎ ነበር ብዬ አስባለሁ። ከዚያ አስቀመጣት።

ሰኞ ማታ ሰውዬው ከደጀን ደወለ። ደስታው በስልክ ይሰማል። ከህዳሴ ድልድይ ተነስቶ፣ ድሮ በ2ኛ የሚወጣውን ዳገት አብዛኛውን በ3ኛ ወጥቶታል። ጭሱም ጠፍቷል። ላሜራዋ መደርደሪያው ላይ ናት። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። ሰውዬው ሁለት ጊዜ መጥቶ ዘይት ቀይሮ ሄደ። ሁለቱንም ጊዜ ላሜራዋን እያየኋት «ዛሬ ይቸኩላል» ብዬ ተውኳት።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ እንደገና ደወለ። «ወንድሜ፣ መኪናዬ ከሥሯ እሳት ተነሳባት» አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «ሰውስ?» አልኩት። ሰው ደህና ነው አለኝ። ሌላውን አልጠየቅኩትም። በማግስቱ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሳሁና ረዳቴን ይዤ ሄድኩ።

ቢቸና አካባቢ የጤፍ አገር ነው። ታኅሣሥ ደግሞ ጤፍ የሚወቃበት ወቅት ነው። መኪናዋ የቆመችው አውድማው ዳር ነበር። ከሷ እስከ ጤፍ ክምሩ በእርምጃ ስቆጥረው 20 አይሞላም። ያን ስቆጥር እግሬ ከዳኝ። ክምሩ የአንድ ዓመት የቤተሰብ እህል ነው። አጠገቡ ደግሞ የጎረቤት ክምር አለ፣ ከዚያ ወዲያ የሣር ቤት።

የሆነው እንዲህ ነው። ሰውዬው ጆንያ ሊጭን ሲመጣ ከወንዙ ጀምሮ ያለውን አቀበት በፎር ዊል፣ በከባድ ማርሽ ነው የወጣው። ከዚያ አውድማው ዳር ገለባ ላይ ቆመና ወዲያው ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ደቦ ነበር። ጠላ ቀርቦለት ሳይጨርስ ልጆች ጮኹ። ከመኪናዋ ሆድ ጭስ ይወጣል። ሰዉ አፈር በአካፋ፣ ውሃ በእንስራ እያመጣ አፈሰሰባት፤ ውሃው ሲያልቅ ለደቦው የተጠመቀው ጠላ ተጨመረ። ሁለት ጎረምሶች በመሃል ገለባውን በመንሽ እየጠረጉ በመኪናዋና በክምሩ መካከል ባዶ መሬት አወጡ። ክምሩን ያተረፉት እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ከሥሯ ገብቼ ተኛሁ። የኋላ መብራት ገመዶች ቀልጠዋል። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ልባሱ ተቃጥሏል። ከኋላ ሥር የምትታሰረው ስኮርታ ጎማ በአንድ በኩል ከስላለች። የነዳጅ ታንኩ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቶሎ የማይቀጣጠል መሆኑ ትልቅ ነገር ነው።

ሰውዬው አንድ ነገር ደጋግሞ ይጠይቀኛል። «ሦስት ዓመት እዚሁ አውድማ ላይ አቁሚያታለሁ። ለምን ዘንድሮ?» ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱን ያገኘሁት ራሴ የበየድኩት አንግል ብረት ላይ ነው። የተከፈተው አፉ እስከ አናቱ ባረረ ገለባ ታጭቋል። የጤፍ ገለባ ቀጭንና ለስላሳ ነው፣ ያገኘው ነገር ላይ ይጠመጠማል። መኪናዋ ገለባ ላይ ስትሄድ ያ ብረት እንደ መንሽ እያፈሰ ወደ ቱቦው ሰብስቦታል። ዝቅ ብሎ ስለተሰቀለ ደግሞ የበለጠ ያፍሳል።

ዳገት ላይ ከተርቦው የሚወጣው ጭስ ከ400 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። አዲሱ ቱቦ ባለ አንድ ግድግዳ ስለሆነ ሙቀቱ ሳይቀንስ ወደ ቆዳው ይወጣል። መኪና ስትሄድ ንፋስ ያቀዘቅዘዋል። ከአቀበት ወጥተህ ወዲያው ስታጠፋ ግን ንፋሱ የለም፣ ሙቀቱ እዚያው ይቀራል። ለተርቦው ደኅንነት ሲባል ከከባድ ጉዞ በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ ሞተሩን በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጡ፣ አቆዩት የምንለው ነገር ለዚህም ይጠቅም ነበር፤ መኪናዋን ሳስረክብ ግን አልነገርኩትም።

ላሜራዋ ብትኖር እሳቱ አይነሳም ነበር ብዬ አልምልም። ግን ወለሉን፣ ገመዶቹን፣ ያንን ሁሉ ትሸፍን ነበር። አንግሉን ዓይቼ ግልብጥ አድርጌ ብበይደው ኖሮ ደግሞ ገለባው የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም ነበር። ከሥሯ ተኝቼ ይህን ለረዳቴ ሳሳየው ምንም አላለም። ያን ቀን ማታ ምን ልትለኝ ነበር ብዬ ጠየቅኩት። «ድሮውን ለምን አስፈለገች ልልህ ነበር» አለኝ።

የሰውዬው አባት ሽማግሌ ናቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ስወጣ ቆመው ሲያዩኝ ነበር፣ ልብሴን በእጃቸው አራገፉልኝ። «ልጄ፣ ክምሩን ቢይዘው ምን እንበላ ነበር?» አሉኝ። በቃ፣ ይህን ብቻ። መልስ አልነበረኝም። ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

መኪናዋን ደብረ ማርቆስ ካደረስናት በኋላ ጎማውንም ገመዱንም በራሴ ወጪ ተካሁ። ሰውዬው ግማሹን ልክፈል ብሎ ነበር፣ እምቢ አልኩ። አንግሉን ቆርጬ ጣልኩት። በምትኩ በቶንዲኖ፣ ማለትም በድቡልቡል ብረት፣ በጎማ የሚንጠለጠል መያዣ ሠራሁ፤ ገለባ ቢያርፍበት እንኳ ይንሸራተታል። ቱቦውን ከመስቀለኛው ብረት በላይ ከፍ አድርጌ እንደገና አስኬድኩት። ለዚህ ሁለት መታጠፊያ አዲስ ማጠፍ ነበረብን፣ ሁለት ቀን ፈጀብን። አርብ ማታ ላይ የሸሸሁት ሥራ ይኸው ነው።

ላሜራዋን ልጁ ራሱ ነው ያወረዳት። እሷን እንደ ልክ አድርገን ሰፋ ያለች አዲስ ቆረጥን። ከቱቦውም ከወለሉም በጣት ያህል ራቅ ብላ እንድትቀመጥ አደረግናት፤ አየር ካላለፈ ላሜራዋ ራሷ ግላ ሙቀቱን ወደ ላይ ታሻግረዋለች። አሁን ማርሚታ የነካንበት መኪና ከመውጣቱ በፊት ልጁ ከሥር ገብቶ እጁን በቱቦው ዙሪያ ያሳልፋል፣ ከተርቦው እስከ ጅራቱ። ፍሬን ቱቦ፣ ገመድ፣ ናፍጣ መስመር፣ ጎማ። እጁ ካላለፈ መኪናው አይወጣም። ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀም ቢሆን።

ሰውዬው አሁንም ደንበኛችን ነው። መኪናዋ ዳገቱን በ3ኛ ትወጣለች። አባቱ ግን እንደገና ወደ አውድማው አላስጠጓትም። መንገድ ዳር ትቆማለች፣ ጆንያው እስከዚያ በአህያ ይመጣል። ሁሉንም አስተካክያለሁ፣ ከእንግዲህ አያሰጋም ብዬ በልጃቸው በኩል ልኬባቸው ነበር። እሺ፣ እግዜር ይስጥልን ብለዋል። መኪናዋን ግን አላስጠጓትም። እኔም ሁለተኛ አልላክሁባቸውም።