«ማነው ስሪንጅ የሚያጥፍ?»

ፋብሪካችን የሚሠራቸው ስሪንጆች ለማምከን ወደ ጋማ ጨረር ሲሄዱ ጥርት ያሉ ነበሩ። ሲመለሱ ቢጫ። ካርቶኑን የከፈተው ልጅ የሌላ ድርጅት ዕቃ በስህተት የመጣብን መስሎት ነበር።

ለማቴሪያል ክፍል ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ስሪንጁ የሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ፖሊፕሮፒሊን፣ ጋማ አይወድም። ለማምከን የተለመደው የጨረር መጠን፣ 25 ኪሎግሬይ፣ ባክቴሪያውን ሲጨርስ የፕላስቲኩንም የሞለኪውል ሰንሰለት እየበጣጠሰ ነው የሚያልፈው። ደንበኛው ግን ይሄ ምኑም አይደለም። ፎቶ አነሳ፣ ለሽያጭ ክፍል ላከ፣ «ይሄን ለታካሚ አላሳይም» አለ። ከዚያማ ስብሰባ ነው።

የሽያጭ ኃላፊያችን ፕላስቲክ ውስጥ የሚጨመረውን ሁሉ «መድኃኒት» ነው የሚለው። ማረጋጊያው መድኃኒት፣ ማቅለሚያው መድኃኒት፣ ከሞልዱ በቀላሉ እንዲላቀቅ የምንጨምረውም መድኃኒት። ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ ወረወረና ወደ እኔ ዞረ።

«አንቲኦክሲዳንት የምትሉት እንዳያረጅ የሚያደርገው መድኃኒት ነው አይደል?»

«ነው።»

«እና እጥፍ አድርጉታ!»

አልፈርድበትም። ለሰሚው ልክ ይመስላል። ችግሩ የእኛ ግራኑል፣ ማለትም ጥሬው የፕላስቲክ ፍሬ፣ ውስጥ የነበረው አንቲኦክሲዳንት የፊኖል ዘር ነው። በማሽን ሙቀት ፕላስቲኩን አሳምሮ ይጠብቃል። ጨረር ሲያገኘው ግን ራሱ ይለወጥና ኪኖን የሚባሉ ባለቀለም ውህዶች ይሆናል። ቢጫው በአብዛኛው ከእሱ የሚመጣ ነው። ብንጨምረው የምንጨምረው ቢጫውን ነው።

ይህን ሁሉ ስነግረው ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ከዚያ፣ «ዘበኛው ነው ሌባው በለኛ!» አለ። ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ እውነት ለመናገር ከእኔ ማብራሪያ የእሱ ይሻል ነበር።

ያቀረብኩት ሐሳብ ይሄ ነው። ፊኖሉ ይውጣ። የማሽኑን ሙቀት እንዲቋቋም ፎስፋይት የሚባለው ሌላ ማረጋጊያ ይግባ። ከጨረር በኋላ የሚቀሩትን ነፃ ራዲካሎች፣ ያገኙትን የሚያጠቁ የሞለኪውል ስብርባሪዎች፣ እንዲይዝ ደግሞ ሃልስ የሚባለው ማረጋጊያ። ሃልስ እንደ ፊኖሉ ቀለም አያመጣም። መጠኑ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ሥራው ግን ትልቅ ነው። ቀመር ተነካ ማለት ግን አይኤስኦ 10993 በሚባለው የሕክምና ዕቃዎች ዓለም አቀፍ መስፈርት መሠረት ከሰውነት ጋር ያለው ተስማሚነት እንደገና ይገመገማል። የእርጅና ሙከራም አለ። ወራት ይፈጃል አልኩ።

«ወራት?» አለ። ያቺን አንዲት ቃል እንዴት እንዳላት ብታዩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለት ስሪንጅ ይዞ ላብራቶሪ ገባ። ለካ ከማስተርባች፣ ማለትም ከተከማቸው የፕላስቲክ ማቅለሚያ፣ አቅራቢው ጋር ተነጋግሮ፣ ከምርት ክፍል ልጆች ጋር ተመሳጥሮ፣ ትንሽ ሰማያዊ ቀለም አስጨምሮ፣ ጨረርም አስመትቶ ኖሯል። ሰማያዊ ቢጫን ለዓይን ያጠፋል። በሙያው ውስጥ የታወቀ ዘዴ ነው፣ እሱ አልፈለሰፈውም። አንዱ ስሪንጅ ያው የድሮው ቢጫ ነው። ሌላውን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው።

«ነጭ ነው ወይስ አይደለም?»

«ነጭ ነው። ግን…»

«ግን የለም። ነጭ ነው ወይስ አይደለም?»

ጣት የሚያርፍበትን የስሪንጁን ጆሮ ራሱ እጥፍ ዘርጋ አደረገው። አልተሰበረም። አየኸኝ ዓይነት ፈገግ አለ። «ዛሬ አይሰበርም» አልኩት። የፖሊፕሮፒሊን ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ጨረሩ ቆመ ማለት ጉዳቱ ቆመ ማለት አይደለም። ራዲካሎቹ በፕላስቲኩ ክሪስታል ክፍል ውስጥ ተይዘው ይቆዩና ቀስ እያሉ ኦክስጅን ያገኛሉ። መደርደሪያ ላይ ለወራት ውስጥ ውስጡን ይበላል። በተመረተ ማግስት ፈተናውን ያለፈ ስሪንጅ ነርሷ እጅ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሰማያዊው ቀለም ከዚህ ውስጥ አንዱንም አይነካም።

ያመጣቸውን ናሙናዎች ተቀብዬ 60 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ ከተትኳቸው። እርጅናን በጥድፊያ ለማየት ነው። ጊዜው ሲደርስ ጠራሁትና ፊቱ ጆሮውን አጠፍኩት። ቀጭ! ግማሹ እጄ ላይ ቀረ፣ ግማሹ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

ጎንበስ ብሎ ስባሪውን አነሳው። ወደ መብራቱ አዙሮ አየው።

«ነጭ ግን ነው» አለ።

«ተሰብሯል እኮ!»

«ማነው ስሪንጅ ኦቭን ውስጥ የሚከት? ማነው ስሪንጅ የሚያጥፍ?»

እዚህ ላይ መልስ አጣሁ። መልሱን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ ወፍራም መድኃኒት የሚገፋ ሰው ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ ማንም ያውቃል። ከየት ልጀምርለት ብዬ ነው። እስከ ዛሬ ሻወር ውስጥ ሆኜ ለዚያ ጥያቄ ጥሩ ጥሩ መልስ ይመጣልኛል።

ነገሩን የቆረጡት የጥራት ኃላፊያችን ናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። «ልጄ፣ ማቅለሚያውም ገብቶበታል አይደል?» አሉት። «እንግዲያው እሱም ይመረመራል። ጠብታ ስለሆነ አይቀርለትም።» ከዚያ የደም ከረጢትን ጉዳይ አነሱ። ከረጢቱ የሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ፒቪሲ፣ በራሱ ድርቅ ያለ ነገር ነው። ከረጢቱን የሚያለሰልሰው ዲኢኤችፒ ከክብደቱ ሲሶውን ሊይዝ ይችላል፤ ከፕላስቲኩ ጋር በኬሚካል ስለማይታሰር ወደ ደሙ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ስንት ክርክር ተነሳ። የአውሮፓው የሕክምና ዕቃዎች ደንብ 2017/745 እንዲህ ዓይነት ለጤና አስጊ ተብሎ የተመደበ ንጥረ ነገር ከ0.1 በመቶ በላይ ሲሆን አምራቹ ምክንያቱን እንዲያስረዳ፣ ዕቃው ላይም እንዲጽፍ ያስገድዳል። የሚገርመው ይኸው ዲኢኤችፒ ቀይ የደም ሕዋስ ቶሎ እንዳይፈርስ ይረዳል። ከከረጢቱ ለማስወጣት ያስቸገረውም አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። «የገባ ነገር ይወጣል። እኔ የምጠይቀው ምን ወጣ፣ ስንት ወጣ ብዬ ነው» አሉ። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

ስለዚህ የእሱ አቋራጭም የእኔን ያህል ወራት ሊፈጅ ሆነ። ካልቀረ ተብሎ ሁለቱም ባንድ ፋይል ገቡ፤ ፎስፋይቱ፣ ሃልሱ፣ ሰማያዊው ጠብታም። ከስሪንጁ ወደ ፈሳሽ የወጣው ነገር፣ ውጣጩ፣ ኤል929 የተባሉት የአይጥ ሕዋሳት ላይ ተሞከረ፣ ሕዋሳቱ ደህና ሆኑ። ከኦቭን የወጣውን ደግሞ እኔ ራሴ አጠፍኩት። ተለመጠ እንጂ አልተሰበረም።

ደንበኛው የምስጋና ደብዳቤ ጻፈ። ስለ ቀለሙ። ደብዳቤው ለሽያጭ ክፍል ነው የተጻፈው፣ በፍሬም ተሰቅሏል። ስላልተሰበረ ጆሮ ደብዳቤ የሚጽፍ ደንበኛ እስካሁን አላጋጠመኝም። ኃላፊው አዲስ ሰው በተቀጠረ ቁጥር «ያንን ቢጫ እንዴት እንዳጠፋሁት» ይተርካል። በእሱ ትረካ ውስጥ ሃልስ የሚባል ነገር የለም። ኦቭንም የለም።

አንድ ነገር ግን አለ። ፊኖሉ ወጥቶ፣ ሃልሱ ገብቶም ስሪንጁ ከጨረር ሲመለስ ትንሽ ወየብ ይል ነበር። ያለ ቀለም የተመረተውን ናሙና መስኮት ጋ አቁሜ አይቼዋለሁ። ያቺ ጠብታ ባትኖር ደንበኛው ሁለተኛ ፎቶ መላኩ አይቀርም ነበር። ይህን ለጥራት ኃላፊዋ ነግሬያቸዋለሁ። ለእሱ አልነገርኩትም፣ የመንገርም ሐሳብ የለኝም።