ያቺ «ቲ» የተባለች ፊደል

ለቴክኒሻን (ለመጀመሪያው የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ደረጃ) ፈተና ማንበብ ከጀመርኩ ሰባተኛ ሳምንቴ ነው። የዚህን ሳምንት ግማሽ የበላው ግን የእኔ ጥናት ሳይሆን የጎረቤቴ ጉዳይ ነው።

እዚህ ሜሪላንድ ያሉት ጎረቤቴ ሰማንያን ተጠግተዋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የአማተር ሬዲዮ ቴክኒሻን ነበሩ። ፈቃዱን ሳያድሱ ቀሩ፤ ወረቀቱም ቤት ሲቀይሩ ጠፋ። ፈቃዱን የሚሰጠው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት፣ የኤፍሲሲ፣ የኢንተርኔት መዝገብ ውስጥ ፈለግን፤ የሉም። ያን ያህል ወደ ኋላ አይሄድም።

እንደገና ተፈትነው ለምን አይገላገሉም? እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ቁም ነገሩ ያለው ቀኑ ላይ ነው። ከማርች 21፣ 1987 በፊት ቴክኒሻንና ጄኔራል (ቀጣዩ ከፍ ያለ ደረጃ) የሚፈተኑት የጽሑፍ ፈተና አንድ ነበር። የሚለያያቸው ሞርስ ኮድ ነው፦ ለቴክኒሻን በደቂቃ 5 ቃል፣ ለጄኔራል 13። ሞርሱ ደግሞ በ2007 ከነጭራሹ ቀረ። ስለዚህ ከዚያ ቀን በፊት ቴክኒሻን እንደነበረ ያስመሰከረ ሰው፣ የፈቃዱ ጊዜ ቢያልፍም፣ የዛሬውን የቴክኒሻን ፈተና ካለፈ በቀጥታ ጄኔራል ይሆናል። የጄኔራሉ 35 ጥያቄ ቀረለት ማለት ነው።

ማስረጃው ኮልቡክ ነው። የባለፈቃዶችን የጥሪ ምልክት (በአየር ላይ የሚታወቁበትን የፊደልና የቁጥር መለያ)፣ ስምና አድራሻ የያዘ፣ እንደ ድሮ የስልክ ማውጫ የወፈረ መጽሐፍ። መታተሙ በ1997 ቆመ፤ ስካን የተደረጉት ቅጾች ግን ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነጻ ይገኛሉ።

ሁለት ምሽት በከንቱ አለፈብኝ። በስም ፈለግሁ፤ ዝርዝሩ ግን የሚሄደው በጥሪ ምልክት ነው። ምልክቱን ስጽፍ ደግሞ የኮምፒውተሩ ንባብ 8ን «ቢ»፣ ዜሮን «ኦ» ያደርገዋል። በመጨረሻ መፈለጊያውን ትቼ ምልክታቸው ውስጥ 3 ቁጥር ያለበትን ቀጠና ገጽ በገጽ ገለጥኩ። የእኛ ሜሪላንድ እዚያ ውስጥ ናት። ዓይኔ ጠፋ እንጂ የ1984ቱ ቅጽ ላይ አገኘኋቸው። ከምልክታቸው አጠገብ «ቲ» አለች። ቴክኒሻን!

ደስታዬ ግን አንድ ደቂቃም አልቆየ። አድራሻው ባልቲሞር ይላል፤ እሳቸው ደግሞ «ባልቲሞር ኖሬ አላውቅም» አሉ። የሌላ ሰው ይሆን? ባለቤታቸው ናቸው ያዳኑን፤ ከጓዳ የድሮ ኪውኤስኤል ካርድ (ባለ ሬዲዮዎች መገናኘታቸውን ለማረጋገጥ የሚላላኩትን ፖስት ካርድ) ይዘው መጡ። ያው ምልክት፣ ያው የባልቲሞር አድራሻ። ለካ ስምንት ወር እህታቸው ቤት ተቀምጠው ነበር። ካርዱ ብቻውን ደረጃቸውን አያሳይም፤ ከማውጫው ጋር ሲገጥም ግን የሚያከራክር ነገር አልቀረም።

ዝርዝሩ ያለበትን ገጽ ብቻ አትሜ ልሄድ ስል ፈታኞቹን ቀድሜ መጠየቄ በጀኝ። ዓመቱ የሚታይበትን ሽፋንም ይፈልጋሉ።

ቅዳሜ አብረን ተፈተንን። ማለፊያው ከ35 ጥያቄ 26 ነው። እኔ 29 አገኘሁ፤ እሳቸው 35ቱንም። ጄኔራል ሆነው ወጡ፤ እኔ ሰኞ የጄኔራሉን መጽሐፍ እጀምራለሁ።