ከሌሊቱ 11 ሰዓት፦ የአፕ ዲዛይን ልምምዴ ከደሴ

ሰላም፣ የአፕ ዲዛይን የምትማሩ ሁሉ። አሁን ከንባብ ወጥቼ ተግባር ላይ ነኝ። ከደሴ አዲስ አበባ የአውቶብስ ትኬት የሚቆረጥበት አፕ እየነደፍኩ እለማመዳለሁ። ኮድ የለውም። ስክሪኖቹን ወረቀት ላይ ስያለሁ። ሰው በጣቱ ሲነካ ቀጣዩን ወረቀት አቀርብለታለሁ።

የአጠቃቀም ምቾት ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን በ1994 እ.ኤ.አ. ለስክሪን ዲዛይን ካስቀመጣቸው 10 መርሆዎች ሁለተኛው፣ ሲስተሙ ተጠቃሚው በሚያውቀው መንገድ ይናገር ይላል። ለእኛ አገር ከዚህ የሚበልጥ መርህ ያለ አይመስለኝም።

ሰዓቱን እንይ። ሁለት ዓይነት ትኬት አዘጋጀሁ፤ አንዱ ላይ «5:00»፣ ሌላው ላይ «ከሌሊቱ 11 ሰዓት» ይላል። የመጀመሪያውን ያዩ አንዲት እናት «ረፋድ ላይ ነው የሚነሳው» አሉ። አውቶብሱ ግን ጎህ ሳይቀድ ይሄዳል። ቁጥሩን መቀየር ብቻም አይበቃም። 11 ሰዓት በቀን ሁለቴ ይመጣል፤ «ከሌሊቱ» የምትለዋ ቃል የግድ ናት።

ቀን መምረጫውም ሥራ አለው። ብዙዎቹ ዝግጁ ካላንደሮች 12 ወር ብቻ ነው የያዙት። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፣ በ4 ዓመት አንዴ 6 ትሆናለች፤ በ2015 እንደነበረው። ለእንቁጣጣሽ አገሩ የሚገባ ሰው ትኬት የሚፈልገው ደግሞ በእነዚያ ቀናት ነው! እኔ የመረጥኩት ዳታቤዙ (የአፑ መረጃ ማከማቻ) ላይ ቀኑን በፈረንጆቹ አስቀምጦ፣ ስክሪን ላይ ሲወጣ መቀየር ነው። ጃቫስክሪፕት የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ቀን ማሳያ የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃል። ሰዓቱን ግን ራሳችን እናሰላዋለን።

ስም ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ትቼ «የአባት ስም» አልኩ። ምን ማለት ነው ብሎ ማንም አልጠየቀኝም።

ሰው ሲሞክር ቁጭ ብሎ ማየት ትልቁ ትምህርት ነው። «አብሽሩ እማማ፣ የሚፈተነው ወረቀቱ ነው፣ እርስዎ አይደሉም» ብዬ እጀምራለሁ። የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲነግሩኝ እለምናለሁ። ከዚያ ዝም። ጣታቸው የት ጋ እንደሚያመነታ አያለሁ፤ መልስ ለመስጠት አፌን ቢበላኝም እታገሳለሁ። ያ ማመንታት ከማንኛውም አስተያየት ይበልጥ ይነግረኛል።

ቀጥሎ ባቲ ነኝ፣ የሰኞ ገበያ ላይ። እዚያ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ተናጋሪ በአንድ ቦታ ይገኛል። ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ቃሉ ይረዝማል፤ ለአማርኛ የለካሁት በተን (በጣት የሚነካው ቁልፍ) አይበቃውም። ለሦስት ቋንቋ የሚሆን በተን የነደፈ ካለ፣ ስፋቱን እንዴት እንደወሰነ ይንገረኝ።