ሦስት ደወል ወይስ አራት

እጁ ሊቆረጥ ነው። ገበያ ውስጥ ዕቃ ሰርቀሃል ተብሎ ተይዞ ዐፄ ምኒልክ ፊት ቆሟል። ፍርዱ የሚሰማው በደወል ነው፤ ሦስት ጊዜ ብቻ ከተመታ እጁን ያጣል፣ አራተኛ ከተደገመ ነጻ ይወጣል። አንድ። ሁለት። ሦስት። ከዚህ በኋላ ያለችው ዝምታ ናት እንግዲህ የሰውየው እንጀራ። አንዲት ቃል አይተነፍስም። ግንባሩ፣ ዓይኑ፣ ከንፈሩ ብቻ ይሠራሉ፤ አዳራሹ ግን በሳቅ ይናወጣል።

ነገሩ የሆነው ኒው ዮርክ ነው። ማጀስቲክ በሚባል ትያትር ቤት፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1906 መታየት የጀመረ «አቢሲኒያ» የሚባል ሙዚቃዊ ትያትር። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው የካቲት 13 ቀን 1898 ሆነ፤ የዓድዋ ድል አሥር ዓመት ሊሞላው አሥር ቀን ሲቀረው ማለት ነው። አጋጣሚም ቢሆን ደስ አለኝ። እጁ ሊቆረጥ የነበረው ቀልደኛ በርት ዊሊያምስ ይባላል፤ ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ የሳበኝ፣ አልዋሽም፣ የአገሬ ስም ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ጽፈው፣ ጥቁር አሜሪካዊ ሙዚቃውን ደርሶ፣ ጥቁር አሜሪካውያን የተጫወቱት ትያትር ኢትዮጵያን ሲመርጥ ማን ዝም ብሎ ያልፋል? ድርሰቱ የጄሲ ሺፕና የአሌክስ ሮጀርስ ነው፤ ሙዚቃው የዊል ማሪዮን ኩክና የራሱ የዊሊያምስ። ታሪኩ ቀላል ነው። ከካንሳስ የመጣ ራስተስ ጆንሰን የሚባል ሰው ሎተሪ ይደርሰውና ዘመድ ወዳጁን ሰብስቦ ጉዞ ይወጣል፤ መጨረሻቸው ምኒልክ አገር ይሆናል። መድረኩ ላይ ፏፏቴ ነበር፣ ነፍስ ያላቸው እንስሳትም ነበሩ። ከገጸ ባሕርያቱ መካከል ከንጉሠ ነገሥቱ ሌላ አፈ ንጉሥ ሳይቀር አለ። ወቅቱን ሳስበው አልገረመኝም፤ ሮበርት ስኪነር የሚባለው የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የንግድ ውል የተፈራረመው በ1903 መጨረሻ ነው፣ የምኒልክ ስም በጋዜጣው ላይ ነበር።

እጅ መቁረጥ በዘመኑ የነበረ ቅጣት ነው፤ ደወሉ ግን የመድረክ ፈጠራ ነው። ስለ ደወሉ ልጣላቸው አልፈለግሁም። ምክንያቱም ከዚያ የሚበልጥ ነገር ሠርተዋል፦ ሐበሾቹ በትያትሩ ውስጥ በጨዋ እንግሊዝኛ፣ ረጋ ብለው ይናገራሉ፤ የሚንተባተቡት፣ የሚያስቁት፣ ጣጣ ውስጥ የሚገቡት አሜሪካውያኑ ናቸው። በዚያ ዘመን በኒው ዮርኩ የትያትር ሰፈር በብሮድዌይ ላይ አፍሪካዊ ንጉሥ በክብር ተቀምጦ የሚፈርድበት ትርዒት ማቅረብ ቀላል ድፍረት አይደለም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። በዚያ የጥቁር ንጉሥ ችሎት ፊት የቆመው ዊሊያምስ ፊቱን በተቃጠለ ቡሽ አጥቁሮ ነው የቆመው።

ሰውየው የተወለደው በ1874 ባሃማስ፣ ናሶ ነው። ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ሄዶ ኋላ ካሊፎርኒያ፣ ሪቨርሳይድ ገባ። ቆዳው ቀላ ያለ፣ ቁመቱ መለሎ፣ ንግግሩ የተስተካከለ፣ መጽሐፍ የሚወድ ሰው ነበር። ነጮች ለዘመናት ፊታቸውን እያጠቆሩ «ጥቁር ማለት ይህ ነው» ብለው ስላሳዩ፣ ተመልካቹ የለመደው የነሱን ፈጠራ ነው። ዊሊያምስ ራሱ ያንን የመድረክ አነጋገር እንደ ባዕድ ቋንቋ መማር ነበረበት። በ1896 ገደማ ዲትሮይት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡሹን ቀብቶ ወጣ፤ ሰዉ ሲስቅለት ከሁሉ በላይ የደነገጠው እሱ እንደነበር በኋላ ተናግሯል።

ከዚያ በፊት፣ በ1893፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከጆርጅ ዎከር ጋር ተገናኝቷል። ዎከር የካንሳስ ልጅ ነው፤ ዘናጭ፣ ፈጣን፣ ገንዘብ የሚያውቅ፣ ከአሠሪ ጋር መሟገት የማይፈራ። በቀጣዩ ዓመት በከተማው በተካሄደው ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ከምዕራብ አፍሪካዋ አገር ከዳሆሜ ይመጣሉ የተባሉት አፍሪካውያን ሲዘገዩ፣ ሁለቱ «ዳሆሜዎች» ተብለው ተቀጠሩ። እውነተኞቹ ሲደርሱ እነሱ ተሰናበቱ፤ ሆኖም እየተመለሱ ሰዎቹን ይመለከቱ ነበር። ዎከር በ1906 በጻፈው ጽሑፍ ስለ አፍሪካ መሥራት የፈለጉት ከዚያ ወዲህ መሆኑን ይናገራል። «አቢሲኒያ» እንግዲህ ሁለተኛው ሙከራቸው ነው፤ የመጀመሪያው በ1903 ያቀረቡት «ኢን ዳሆሜ» ነው። እሱ ኒው ዮርክ ላይ 53 ጊዜ ታይቶ፣ ለንደን ተሻግሮ፣ ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ግቢ ድረስ ገብቷል። የኒው ዮርኩ ትያትር ቤት ግን ጥቁር ተመልካች ከላይ ሰገነት ላይ እንጂ ከታች እንዲቀመጥ አልፈቀደም። የራሳቸው ወገን ሊያያቸው ሲመጣ ደረጃ ይወጣል ማለት ነው።

የገንዘቡንም ነገር ማየት ያስፈልጋል፤ የንግድ ትያትር ነውና። ከ1896 ጀምሮ ክላውና ኧርላንገር፣ ቻርልስ ፍሮማንና ጥቂት ሸሪኮቻቸው «ሲንዲኬት» የሚባል ማኅበር ፈጥረው በመላ አገሪቱ ትላልቆቹን ትያትር ቤቶች በእጃቸው አስገብተው ነበር። ማን የት ከተማ መቼ ይጫወታል የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። የጥቁር ቡድን ሲሆን ደግሞ ርካሽ ቤት፣ ርካሽ ቲኬት፣ ርካሽ መጋረጃ ይበቃዋል ይባላል። ዊሊያምስና ዎከር ዓይናቸውን የጣሉት አንደኛ ደረጃ በሚባለው ቤት ላይ ነው። ለዚያ ነው ፏፏቴው፣ ለዚያ ነው እንስሳቱ። «አቢሲኒያ» ኒው ዮርክ ላይ የቆየው ለ31 ትርዒት ብቻ ነው፤ ያን ሁሉ ሰውና ዕቃ መሸከም ቀላል አልነበረም።

ዊሊያምስ «ኖባዲ» የሚለውን ዘፈኑን በሸክላ ያስቀረጸውም በዚያው በ1906 ነው። ግጥሙ የአሌክስ ሮጀርስ፣ ዜማው የራሱ። ዛሬ ማንም በስልኩ ሊያዳምጠው ይችላል፤ እኔም ማታ መብራት አጥፍቼ አዳመጥሁት። ሸክላው ይንጫጫል፣ ትሮምቦኑ ያላዝናል። ዘፈን ነው ለማለት ይከብዳል፤ ወሬ ነው ግማሹ። ክረምት ሲመጣ፣ ሲርበኝ፣ እግሬ ሲቀዘቅዝ ማን ደረሰልኝ ብሎ ይጠይቅና ዝም ይላል። መልሱን ታውቀዋለህ፤ እሱም እንደምታውቀው ያውቃል፤ ግን አያቀብልህም። ያስጠብቅሃል። ልክ ልትል ስትል «ማንም» ይላል፣ እየጎተተ። ያን ጊዜ የደወሉ ትዕይንት ገባኝ። ሰውየው የሚያስቀው በቃልና በቃል መካከል ባለችው ክፍተት ነው። ቡሹ የአሠሪዎቹ፣ አነጋገሩ የልማዱ፣ ክፍተቷ ግን የራሱ ናት።

ዘፈኑ ኋላ ዕዳ ሆነበት። ሰባት ዓመት ሙሉ ካልዘፈንከው እያሉ አስጨንቀውት፣ ግጥሙን የጻፈውም ዜማውን የሠራውም ታንቀው ቢሞቱ ኖሮ እስከ ማለት ደርሶ ቀልዷል። ዜማውን የሠራው ራሱ መሆኑን ልብ ይሏል።

በ1909 ዎከር መድረክ ላይ አንደበቱ ይያዝ ጀመር። ባለቤቱ አይዳ ኦቨርተን ዎከር፣ «አቢሲኒያ» ላይ የገበያዋን ልጅ ሚርያምን የተጫወተችው፣ የእሱን ልብስ ለብሳ ዘፈኑን በሱ ፈንታ ዘፈነች። ስለዚህች ሴት ለብቻ መጻፍ አለብኝ። ዎከር በ1911 መጀመሪያ ላይ ሞተ፤ ዊሊያምስ የሚሟገትለት ሰው አጣ።

በ1910 ፍሎሬንዝ ዚግፌልድ «ፎሊስ» ወደሚባለው ትልቅ ዓመታዊ ትርዒቱ አስገባው። ነጮቹ ተዋንያን ከጥቁር ጋር አንሠራም ብለው ሲያስፈራሩ፣ ዚግፌልድ ከሱ በስተቀር ሁላችሁንም መተካት እችላለሁ እንዳላቸው ይነገራል። ዊሊያምስም ቅድመ ሁኔታ ነበረው፦ ከነጭ ሴት ጋር ብቻውን መድረክ ላይ አይወጣም፣ ወደ ደቡብ ግዛቶችም አይዞርም። ይህን ሲያስገባ ክብሩን አሳልፎ ሰጠ የሚሉ አሉ። እኔ ግን የማየው ማታ ወደ ቤቱ በሕይወት መመለስ የሚፈልግ ሰው ነው። በጥቁሮች ጋዜጦች ላይ ወገኑን ትቶ ሄደ ብለው የወቀሱት ነበሩ፤ የነሱም ብሶት ባዶ አይደለም፤ ዎከር ታሞ መድረክ ለቆ እሱም ሲሄድ ያ ትልቅ ቡድን ፈርሷል።

ደመወዙ ጥሩ ነበር። ሆቴል ሲገባ ግን በዕቃ አሳንሰር ነው የሚወጣው። የ«ፎሊስ» ባልደረባው ቀልደኛው ኤዲ ካንተር እንዳወራው፣ አንድ ማታ ዊሊያምስ «ጭብጨባው ገና ጆሮዬ ውስጥ እየጮኸ ባይሆን ኖሮ ይህን ያህል አይከፋኝም ነበር» ብሎታል። በ1919 ተዋንያኑ የሥራ ማቆም አድማ ሲመቱ ለሱ የነገረው የለም። እንደ ልማዱ መጥቶ፣ ለብሶ፣ ተቀብቶ ሲወጣ አዳራሹ ባዶ ነው። ሰውየውን በቅርብ የሚያውቀው ቀልደኛው ደብልዩ ሲ ፊልድስ «ካየኋቸው ሁሉ አስቂኙ፣ ካወቅኋቸው ሁሉ ያዘነው» ያለውን የሚደጋግሙ ብዙ ናቸው። አባባሉ ያምራል፤ እኔ ግን ትንሽ ያናድደኛል። ኀዘኑን ከተፈጥሮው የመጣ ያስመስለዋል። ራሱ በ1918 ሲጽፍ የበለጠ ቁጥብና የበለጠ ትክክል ነው፦ ጥቁር መሆን ውስጥ የሚያሳፍር ነገር አግኝቼ አላውቅም፤ አሜሪካ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የማይመች ሆኖ አግኝቼዋለሁ ይላል።

በፌብሩዋሪ 1922 መጨረሻ ዲትሮይት ላይ ታሞ እየተጫወተ ወደቀ። ተመልካቹ የጨዋታው ክፍል መስሎት ሳቀ። ማርች 4 ኒው ዮርክ ውስጥ ሞተ፤ 47 ዓመቱ ነበር።

ከቀሩልን ነገሮች አንዱ በ1916 የተቀረጸ አጭር ፊልም መጨረሻ ላይ ያለው የፖከር፣ የካርታ ቁማር፣ ጨዋታ ነው። «ፎሊስ» ላይ ያሳየው የነበረው ነው፤ ፊልሙ ላይ እስር ቤት ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ይጫወተዋል። ካርታ የለም፣ ተጫዋች የለም፣ ድምፅም የለም። ለሌሉ ሰዎች ያድላል፤ የራሱን ያነሣና ጫፍ ጫፉን ብቻ ይገልጣል። ፊቱ ሊበራ ሲል ይይዘዋል፣ ሌሎቹ እንዳያዩበት። አንዱን ጥርጣሬ በተሞላ ዓይን ይገረምማል። ካርታ የሚለውጡትን እየቆጠረ ያቀብላል፤ አንደኛው አንዲት ብቻ ሲጠይቅ ቅንድቡ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ሁሉን ያስይዛል፤ ይሸነፋል።

ለአንዲት ተዋናይት ጓደኛዬ ላክሁላት። ፊቱ ላይ የተቀባውን ስታይ ገና ስትጀምር ዘጋችው፤ ማየት አልፈልግም አለች። አልፈረድኩባትም። ማምሻውን ግን ደወለች። «ዓይኑን ተወውና እጁን ተመልከት፤ የሌለችውን ካርታ ክብደት ያውቃታል» አለችኝ፤ ከዚያም ሲያድል አምስት ሰው ነው ወይስ አራት እያልን ስንቆጥር አመሸን። እሷ አራት ናቸው ባይ ናት፤ እኔ በግራ በኩል ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው አለ ብዬ አሁንም አልተውኩም።